በላብ ላይ ውሃ

ጥር 13 ቀን 1978
ነገ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ። የአገርነሽ ጉልበት አላስነሳ አላት። የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ ወሰድሁ። ሊቀ መንበሩ፣ «አባባ፣ ሚስትዎን ምነው ሐኪም ቤት ቢወስዷቸው?» አለኝ። እሱ የሚያውቀው ስብሰባ ብቻ! አረቄ በጠርሙስ፣ ጠላ በጀሪካን ያዝን። ውሃ? ማን ውሃ ተሸክሞ ወደ ውሃ ይሄዳል!

ጥር 15
ገባን። ጎጆም አገኘን። ጎረቤታችን ጀላሉዲን የሚባል የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሚስቱን ነፊሳን ወገቧን ሊያስታጥብ ነው የመጣው። ከገንዳው ሲወጡ ውሃውን በጣሳ በጣሳ ይጋቱታል! በላብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ... ምች ማለት ይኸው አይደል? ነገርኋቸው።
«አያ ክንዱ፣ ላብ የወሰደውን መመለስ ነው» አለኝ ጀላሉዲን።
«አረቄስ አይመልስም?»
«አረቄማ የቀረውንም በሽንት ያስወጣል።»
አረቄ ከንፈሩን ነክቶት የማያውቅ እስላም ስለ አረቄ ሊያስተምረኝ! ያውም እኔን፣ ያለ አስተማሪ ስንት የመድኃኒት መጽሐፍ ያነበብሁትን!

ጥር 17
አገርነሽ ጠዋትም ማታም ትዘፈዘፋለች። በወጣች ቁጥር አንድ መለኪያ አረቄ እሰጣታለሁ። ራሴን ፈለጠኝ ትላለች። ሽንቴ እንደ ጠላ ጠቆረ ትላለች። ጥሩ ነው። በሽታው እየወጣ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን? ውሃ አማረኝ አለች። ሕፃን ናት እንዴ? ታጥበሽ ሳትጨርሺ አይሆንም አልኋት።

ጥር 18
ወደቀች።
ከገንዳው ወጥታ ጎጆው ሳትደርስ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። አረቄውን ወደ አፏ ሳስጠጋ ነፊሳ እጄን መታችኝ። እጄን! «ሊገድሏት ነው እንዴ?» ጨውና ስኳር በጣሳ ውሃ በጥብጣ በማንኪያ ታጠጣት ጀመር። ጤና ጣቢያ ያስተማሯት ነው አሉ። ጮህሁባት። አገርነሽ ዓይኗን ገልጣ፣ «አረቄዎን ራስዎ ይጠጡት። እኔን የጠማኝ ውሃ ነው» አለችኝ። እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ብትሞትብኝስ?...
ጣሳውን ያዝሁላት።

ጥር 19
ስኳር በቀበሌ በሚታደልበት ዘመን፣ ነፊሳ ሌላ በጠበጠች። መርዝ እንዳይሆን ቀመስሁት። እንባ እንባ ይላል። ወደ ማታ የአገርነሽ ሽንት ነጣ አሉኝ። ቀና ብላ ተቀመጠች። ሰደበችኝ።
ተመስገን።

ጥር 22
ከቁንዝላ አንድ ጎልማሳ እናቱን ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ከገንዳው ገና ከመውጣቷ አረቄ ያቀርብላታል! በላብ ላይ አረቄ!
«አንተ ድንጋይ፣ ውሃ ስጣት! ላብ የወሰደውን አረቄ ይመልሰዋል?» ብዬ ጣሳዬን አቀበልሁት። በዚህ ዘመን ይህን እንኳ የማያውቅ ሰው አለ?
ጀላሉዲን ከጎጆው ደጃፍ ቆሞ ያየናል። «አያ ክንዱ፣ ይህን ከየት ተማሩት?»
«ከመጽሐፍ።»
አገርነሽ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ትሳቅ። ጣሳዬን ልቀበልና ልሙላው፤ እኔንም ጠምቶኛል።