አባትሽ ያሻከረው መቀመጫ

ለምትናፍቂኝ የእህቴ ልጅ፣ ለኮረኮንች፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽስ፣ ያ በር ሁሉ የሚያጎነብሰው ረጅም ሰውዬ፣ ደህና ነው? መንትዮቹ አደጉ ወይስ እስካሁን እየተፈራረቁ ይታመማሉ? አማትሽ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ትቀምሻለሽ? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ለወጉ ያህል አይደለም። ድምፅ ይከሳ እንደሆነ አላውቅም፤ ባለፈው በስልክ የሰማሁት ያንቺ ድምፅ ግን ከስቶ ነበር። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እናትሽ ቆማ ትሄዳለች፣ ከጎረቤት ትነታረካለች፣ እኔን ትሰድባለች፤ ስለዚህ ደህና ናት ማለት ነው። እኔም ሆዴ እንዳለ ነው። ፀጉሬ ግን ጨርሶ ተሰናብቶኛል፤ ስትመጪ ከእንቁላል ጋር እንዳታምታቺኝ ከወዲሁ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ጨርቅ ይጠቀለልበት በነበረ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ የተሳሳተ ነገር ብታገኚ ጋዜጣውን ውቀሺ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ያን ቀን "አጎቴ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ አባቴን የከዳው እጁ ነው ወይስ ብረቱ?" ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ እኔ ስለ ዝናቡ አወራሁልሽ። ቀጥሎም "እናትሽ ትፈልግሻለች" ብዬ ስልኩን ለእሷ ወረወርኩት። እናትሽ ግን ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇ አረፋ እንደሆነ ነው የያዘችው። ለእሷም አባትሽ የሠራልሽን ሞተር ልትሸጪው እንደሆነ ነገርሻት። ከመሸጥሽ በፊት ይህን አንብቢ። ለጥያቄሽ መልስ አለኝ፤ የዘገየሁት መልሱ ውስጥ እኔም ስላለሁበት ነው።

ትርዒቱ የተደረገው ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ነበር፤ የሞተረኞች ማኅበር በየዓመቱ የሚያዘጋጀው ነው። አባትሽ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ፣ በሚሄድ ሞተር መቀመጫ ላይ ቆሞ፣ እጁን እንደ ልብስ መስቀያ ዘርግቶ ሜዳውን ዳር እስከ ዳር አቋርጣለሁ አለ። እናትሽ "በዚህ ዕድሜህ መሰላል ላይ ስትወጣ እንኳ ሰው ይያዝልኝ ትላለህ" አለችው። እሱም "መሰላሉን እኔ አልሠራሁትማ" ብሎ መለሰላት። ከዚህ መልስ በኋላ ማን ይከራከረዋል? አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ሲለማመድ ከርሞ አንዴም አልወደቀም።

እዚህ ላይ የእኔ ነገር ይመጣል። የሚለማመድበት ሞተር መቀመጫ የተቀዳደደና በፕላስተር የተለጣጠፈ ነበር። የዚህን ያህል ሰው በሚያይበት ቀን እንዲህ ያለ ጨርቅ ላይ መቆሙ የመቀመጫ ሰፊውን የእኔን ስም ያጠፋል አልኩ። ከትርዒቱ በፊት በነበረው ቀን ጎማ ሊያመጣ ሲወጣ ጠብቄ መቀመጫውን ፈታሁት፣ ያስቀመጥኩትን ምርጥ ጥቁር ቆዳ አለበስኩት። ከኋላው በቀይ ክር "ተጠንቀቁ፣ ሽማግሌ ይነዳል" ብዬ ሰፋሁበት። እስኪበቃኝ ከሳቅሁ በኋላ ደግሞ ሰም ቀባሁት። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ነው የቀባሁት። ፊቴን እስካይበት ድረስ ወለወልኩት። ሰው ሊቆምበት መሆኑን እያወቅሁ፣ እንደሚቀመጡበት ሶፋ አሳመርኩት። ሠላሳ ዓመት መቀመጫ የሰፋ ሰው የሠራው ስህተት ይህ ነው፤ መቀመጫ ሲያይ ከመቀመጫ ሌላ ነገር አይታየውም።

በማግስቱ አባትሽ ሞተሩን አስነስቶ፣ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ቆመ። ሜዳውን እስከ እኩሌታው እንደ ጠረጴዛ ላይ ዕቃ ሳይነቃነቅ አለፈ። የክብር እንግዶቹ ድንኳን ጋ ሲደርስ የፊት ጎማው ተነፈሰና ሞተሩ ወደ ግራ ታጠፈ። አባትሽ በአንገቱ ወደቀ። ሄልሜቱን አድርጎ ነበር። ሐኪሙ "ሕመሙ ሳይደርስበት ነው የሄደው" ብሎናል፤ ይህን ሲል ዓይኔን እያየ ስለነበር አመንኩት። እኔ በዚያች ቅጽበት ጎማውን አላየሁም፤ ያየሁት እግሮቹን ብቻ ነው። በልቤ ያልኩትም "ሰሙ" ነበር።

ሲቀበር እሱ የሠራላቸው ሰዎች ሁሉ መጡ። ሞተራቸውን ሳያስነሱ በእጃቸው እየገፉ ነበር የመጡት። ፖስተኛው፣ ዳቦ አከፋፋይዋ፣ አንድ እግሩ አጭር የሆነው አናጺ፣ ሁሉም ነበሩ። ለአናጺው ማርሹን ከእግር ወደ እጅ ያዛወረለት ጊዜ ትዝ ይልሻል? ሰውዬው ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ አየር ሲጨብጥ፣ አንቺ በሳቅ ልትሞቺ ነበር። አባትሽ ማንንም የሚለካው በዚያ መንገድ ነበር፤ "ዓይንህን ጨፍን፣ መሪው ይኖርበታል የምትለው ቦታ ላይ ያዘው" ይልና እጁ ባረፈበት ቦታ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ምልክት ያደርጋል። ሀብታሙም ሹሙም እንደዚያው አየር ጨብጦ ይቀመጣል። ከዚያ ቀጭን ሽቦ አጥፎ ጣት የምታህል ሞተር ይሠራል፤ ሽቦዋን ሳያምንባት ብረት አይቆርጥም። ሽቦዎቹ እስካሁን ግድግዳው ላይ ናቸው። ቆጠርኳቸው፣ ሃምሳ ሦስት ናቸው። ሰፈሩ አባትሽን ብሎኔ ያለው በቁመቱ ብቻ አይደለም፤ አንዴ ያጠበቀው ነገር አይላላምና ነው። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም። በሕይወቱ ሳለ ይህን ነግሬው አላውቅም፤ የነገርኩት ሽማግሌ መሆኑን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት የትራፊክ መርማሪው ወረቀት መጣ። ጎማው ላይ የተገኘው የድንኳን መወጠሪያ ብረት ነው ይላል። አባትሽ በጠዋት ሜዳውን በእግሩ ዞሮ፣ ጠጠር ሁሉ እየለቀመ ኪሱን ሞልቶ ነበር። እሱ ከለቀመ በኋላ እንግዶቹን ፀሐይ መታቸው ተብሎ ድንኳኑ ወደ ሜዳው ተጠጋ፤ ብረቶቹ እዚያ እንደገና ሲተከሉ አንዷ ሜዳው ላይ ወድቃ ተረሳች። ሁሉም ሰው ወረቀቱን አንብቦ "እንግዲህ ምን ይደረጋል" አለ። እኔን ግን አላሳረፈኝም። ጎማው ቢፈነዳም እግሩ የያዘለት ሰው ወርዶ መሪውን ሊይዝ ይችል ነበር እያልኩ አስባለሁ። ያንሸራተተው የእኔ ሰም ነው እላለሁ። ለእናትሽ እንዳልነግራት አፌ ይታሰራል። ሰባት ሳምንት መርፌ አልያዝኩም። በአባትሽ ጋራዥ የሚሠራው በያጅ የትርዒቱን ቪዲዮ በስልኩ ቀርጾት ነበር፤ ላሳይህ ሲለኝ ሽንት ቤት እገባለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እናትሽ የጋራዡን ቁልፍ ይዛ እኔ ቤት መጣች። "ለከብት ሐኪሙ የተሠራው ሞተር መቀመጫ ብቻ ነው የቀረው። ሰውዬው በእግሩ እየዞረ ላም ሲያክም ሊኖር ነው?" አለችኝ። ተከትያት ሄድኩ። ውስጥ ስገባ የአባትሽ ሞተር ጥግ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሸራውን ገለጥኩት።

ልጄ፣ መቀመጫው ላይ ሁለት የጫማ ቅርጾች አሉ። ጠባብ ናቸው፣ የእሱ ጫማ ልክ። ቆዳው እዚያ ቦታ ላይ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም ተጭሮ፣ እንደ ድመት ምላስ ሻክሯል። ከሰሙ ቅንጣት አልቀረም። በዙሪያው ያለው ግን እንዳሳመርኩት ያብረቀርቃል። ከኋላ ያለውን ቀይ ጽሑፍም አልነካውም። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩን ረስቼው ነበር እንጂ እኮ አውቀው ነበር። አባትሽ አንዲት ብሎን የተለወጠችበትን ሞተር እንኳ ከቤቱ ሰው አንዱ ግቢ ውስጥ ነድቶ ሳይሞክረው ከበር አያስወጣም። በዚያን ቀን ጠዋትም ሞክሮታል።

እናትሽ ከበሩ ላይ ሆና አየችኝ። ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ሰሙን፣ ጽሑፉን፣ ሰባቱን ሳምንት። እስክጨርስ ሰማችኝና "ፊትህ እንዲህ የጨፈገገው በዚህ ነው? እኔ እኮ ጥርስህን አሞህ መስሎኝ ነበር" አለች። ከዚያ ነገረችኝ። በትርዒቱ ጠዋት አባትሽ ከግቢ እየሳቀ ገብቶ "ወንድምሽ መቀመጫ ሠራልኝ ብዬ ብወጣበት ሳሙና ላይ የቆምኩ መሰለኝ" አላት። ጽሑፉንም አስነበባት። ከዚያ ለእኔ ትንፍሽ እንዳትል አስማላት። "አሁን ከነገርሽው ደንግጦ ሁለተኛ መርፌ አይዝም። ሰኞ እኔ ራሴ ቁጭ አድርጌ እቆጣዋለሁ" አለ። እናትሽ ይህን ነግራኝ "መርፌ እንዳትጥል ብዬ ምላሴን ነክሼ ያዝኩ፤ አንተ ግን ያለ እኔ እርዳታ ጥለኸው ተገኘህ" ብላ የወለል መጥረጊያውን ወረወረችብኝ።

በዚያው ቀን በያጁን ጠርቼ ቪዲዮውን አየሁት። አንቺ እንድታዪው አልመክርሽም፤ ስለዚህ እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። እግሮቹ አልተንሸራተቱም። ጎማው ከተነፈሰ በኋላ እንኳ፣ ሞተሩ እስኪታጠፍ ድረስ፣ መቀመጫው ላይ እንደ ተበየዱ ነበሩ። ጉልበቱ ታጥፏል፣ እጆቹ መሪውን ፍለጋ ወርደዋል፤ የቀረው አንድ ስንዝር ነው። ቴላዮውን፣ የሞተሩን የብረት አጽም፣ ደግሞ ከበያጁ ጋር ሆነን በመብራት አንድ በአንድ አየነው። የተሰነጠቀ ብየዳ የለም። መሪው እንኳ አልጣመመም። እንግዲህ መልሱ ይህ ነው፦ እጁም አልከዳውም፣ ብረቱም አልከዳውም። ያንቺን ሞተር ሽጪ፣ አትሽጪ አልልሽም። ፈርተሽ ከሆነ ግን፣ የሠራልሽ ሰው ለራሱ የጫማ ልክ እንኳ የሚጠነቀቅ ሰው እንደነበር እወቂ።

የከብት ሐኪሙን መቀመጫ በሁለት ቀን ጨረስኩ። ሰም አልነካውም። በያጁ ልሞክረው ሲል እናትሽ "የቤቱ ሰው ነው የሚሞክረው" ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መቀመጫ እሰፋለሁ እንጂ ሞተር ላይ መቀመጥ እንደማልወድ ብነግራትም አልሰማችኝም። ወጣሁበት። እናትሽ በነጠላ ጫማ ከጎኔ እየተራመደች፣ ከእሷ ርምጃ ሳልፈጥን ግቢውን ሦስቴ ዞርኩት። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። የከብት ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ፣ የሚወልዱ ላሞች ሲያይ ያልፈራውን ያህል ፈራ። ስወርድ እናትሽ ቁልፉን ተቀብላኝ ለሰውዬው ሰጠችና "ተሞክሯል፣ ውሰደው" አለችው። ሰኞ ጋራዡ ተከፍቷል። በያጁ ሁለት የተጀመሩ ቴላዮዎች ይዟል፤ ሽቦዎቻቸው ግድግዳው ላይ ስላሉ እያየ ይጨርሳቸዋል።

ባልሽን በአንገቱ ተንጠልጥለሽ ሳሚልኝ፤ እኔ አልደርስበትም። መንትዮቹን ሁለቱንም እኩል ሳሚ፣ አንዱን ሁለቴ ስመሽ እንዳታጣዪኝ። ለአማትሽ ጉልበታቸውን ይማርላቸው በይልኝ፤ ለወንበራቸው የሚሆን ስፖንጅ እልክላቸዋለሁ፣ ስፋቱን በክር ለክተሽ ላኪልኝ። በያጁ ሰላም ብሎሻል። ዳቦ አከፋፋይዋ ስምሽን እየጠራች ታለቅሳለች፣ ደውይላት። እናትሽ እዚህ አጠገቤ ሆና "በደንብ ብዪ በላት" ትላለች።

ላንቺ ግን ሰላምታ ብቻ አይበቃም። ሰሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ስትጠይቂኝ ስለ ዝናብ ያወራሁትም እኔ ነኝ። አባትሽ ሳይነግረኝ አለፈልኝ፣ እናትሽም በመጥረጊያ ጨረሰችው፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ። ለመልሱ አትቸኩይ። ቁጣ ከሆነ ግን አሳጥረሽ እንዳትልኪው፤ ሰኞ ሊቆጣኝ የነበረውንም ጨምረሽ ሙሉውን ጻፊልኝ።

አጎትሽ፣
ከአባትሽ ጋራዥ፣ ከመስፊያው ጠረጴዛ፣
ኅዳር ፱ ቀን።