የአስፋልቱ ሙዝ

ኖቬምበር 12
ዝናብ። ፀጉር ለመቆረጥ የመጣው ሦስት ሰው ብቻ። ሌላው ጭቃውን ፈርቶ ቀረ። ደጃችን ያለው ጉድጓድ ደግሞ ሰፋ... የጎረቤቴ የካስዲ ዳክዬዎች ሲዋኙበት ዋሉ። “ፓክ ዋጊዮ፣ የሰፈሩ ሊቀመንበር እርስዎ ነዎት፤ ለሐይቁ ስም ያውጡለት እንጂ” አለኝ። ‘ፓክ’ ብሎ እንደ አባት እያከበረ ይወጋኛል፤ ካስዲ ከምላሱ ሌላ መሣሪያ የለውም።

ሳቅኩ። ልጄ ኒላም ግን አልሳቀችም። የእርግዝናዋን አምስተኛ ወር ይዛለች። ያለፈው ዓመት ፅንሷ የጨነገፈው እዚሁ መንገድ ላይ ነው። አምቡላንሱ ከድልድዩ ወዲህ አልገባም አለ፤ እኛ እስክናደርሳት ጊዜው አለፈ። ስለዚህ ነገር መጻፍ አልወድም።

ኖቬምበር 20
ወረዳ ቢሮ ሄጄ ሌላ ማመልከቻ አስገባሁ። ለአራተኛ ጊዜ። “እየተጠና ነው፣ ፓክ” አለኝ ጸሐፊው። ምኑ ነው የሚጠናው? ጉድጓድ እኮ ጉድጓድ ነው። አመስግኜ ወጣሁ። ለምን እንዳመሰገንኩ እንጃ።

ባለቤቴ ቱሚኒ ሰምታ “የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም” አለች። ቃሏ ያማል። ግን እውነቷን ነው።

ዲሴምበር 3
ካስዲ ጉድጓዱ ውስጥ ሙዝ ተከለ!

ሌላ መንደር የተለመደ ነው። መንገድ ሲበላሽ ሹሞቹ እንዲያፍሩ ሙዝ ይተከልበታል። እኛ ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አልተደረገም። የከለከልኩት እኔ ነኝ... ነውር ነው፣ እንታገሥ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልኩ። አሁን የካስዲን ያየ ሁሉ ከጓሮው ነቅሎ እየመጣ ተከለ፤ እስከ ድልድዩ ድረስ የሙዝ እርሻ ሆነ። ላስነቅል ወጣሁ። ኒላም መስኮት ላይ ቆማ ስትስቅ አየኋት። ስንት ጊዜዋ ነው ከሳቀች? ተመልሼ ገባሁ።

ዲሴምበር 9
ከወረዳ ተደወለ። የሙዙ ፎቶ በየሰው ስልክ ዞሯል። “አሳፈራችሁን” አሉኝ። እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ... ስልኩን ስዘጋ ሸሚዜ በላብ ርሷል። የሚገርመው፣ ሙዙን ሁሉም አይቶታል። ጉድጓዱን ያየ የለም።

ጃንዩዋሪ 17
የመንግሥት መኪና ከድልድዩ ማዶ ቆመ። ሰዎች ሜትር ይዘው በእግራቸው መጡ። መንገዱን ሊለኩ ነው ብዬ ደንበኛዬን ግማሽ ፂሙን እንደላጨሁ ትቼው ሮጥኩ።

ከግብርና ቢሮ ናቸው። ጉዳዩ “ሙዝ” ስለሚል ወደ እነሱ ተመርቷል። ግንዱን ለኩ፣ ቅጠሉን ዳሰሱ፣ አፈሩ እርጥበት ይይዛል ብለው አደነቁ። እንዴት አይይዝ! ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ነው እኮ። መንገዱስ? አልኳቸው። ታላቅየው በትሕትና “መንገድ የእኛ ሥራ አይደለም፣ ፓክ። የእኛ ሙዝ ነው” አለ።

ደንበኛዬ በግማሽ ፂሙ ቤቱ ሄዷል።

ፌብሩዋሪ 8
ታፔላ ተተከለ። “በአስተዳዳሪያችን አርቆ አሳቢነት የተጀመረ የሙዝ ልማት” ይላል። የወረዳው አስተዳዳሪ ትልቅ ፎቶ አለበት፤ ጉድጓዱን እያየ ፈገግ ብሏል። ታፔላውን ለማቆም አዲስ ጉድጓድ ቆፈሩ።

ማርች 2
አስተዳዳሪው ራሱ መጥቶ ሊመርቅ ነው። ሴቶች የክት ልብስ ይልበሱ፣ ሕፃናት ባንዲራ ይያዙ የሚል ትእዛዝ ደረሰኝ። ኒላም መራመድ ከብዷታል። አዋላጇ ክሊኒክ መውለድ አለባት ብላለች። ቱሚኒ “ፊት ለፊት ንገረው” አለችኝ። እነግረዋለሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር አጥንቻለሁ፦ ክቡርነትዎ፣ ልጄ በዚህ ወር ትወልዳለች፤ መንገዱን ይሥሩልን። ሌላ ምን ያስፈልገዋል?

ማርች 14
ሳልተኛ ልጻፈው።

መጣ። መኪናው ትልልቅ ጎማ ስላለው ደጃችን ድረስ ገባ። በሁለት ሙዝ መካከል የታሰረውን ሪባን ቆረጠ። ስለ ሙዝ ብዙ ተናገረ። ከዚያ ቀረብኩና “ክቡርነትዎ፣ ልጄ...” ስል እጄን ጨብጦ ወደ ካሜራው አዞረኝ። ፈገግ በል አለኝ። ፈገግ አልኩ... አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ፈገግ አልኩ። ዞር ስል ኒላም እያየችኝ ነበር።

ሲመለስ ነጂው የሙዙን ግንድ እንዳይነካ ዘወር ሲል፣ በዙሪያው ያለው የዳክዬዎቹ ሐይቅ ውስጥ ገባ። መኪናው እስከ በሩ ሰመጠ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

እኛ አገር የሰው መኪና ከሰመጠ ማንም እስኪለመን አይጠብቅም። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ይገፋል። “አንድ፣ ሁለት” ባዩ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ዛሬ ግን የተነሳ የለም። ሁሉም እኔን አየኝ። ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ጭቃው ተረጭቶ ታፔላው ላይ ያለውን ፈገግታ ሸፈነው።

አስተዳዳሪው መስኮት ዝቅ አደረገ። “ሊቀመንበር፣ ሰዎቹን እዘዛቸው እንጂ።”

አፌ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም። “ክቡርነትዎ፣ ማመልከቻ ያስገቡልን። እናጠናዋለን።”

የሳቀ አልነበረም። ሰውየው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ እስከ ድልድዩ በእግሩ ሄደ። ሹሞቹም ተከተሉት፣ ጫማቸውን አንጠልጥለው።

ማርች 15
ከሊቀመንበርነት ተነሳሁ፤ በስልክ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ ምን የምበላው ነበረኝ? ቱሚኒ ዶሮ አረደች። ለበዓል ነው እንዴ ብላት “ባል አገባሁ” አለች።

ማርች 19
ሴት ልጅ!

ንጋት ላይ ምጥ ያዛት። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ውሃ። አምቡላንሱ እንደ አምናው ከድልድዩ ማዶ። የአምናው ሁሉ ፊቴ ላይ መጣ። የምሸርጠውን ሳሮንግ በቀርከሃ ላይ አስረን አስተኛናት። ማንንም አልጠራሁም። በሩን ስከፍት ወንዱ ሁሉ ደጅ ቆሟል፤ ለአስተዳዳሪው መኪና ያልተነሳው ትከሻ ሁሉ።

ካስዲ ከፊት ሆኖ “ሙዝ ባለበት አትርገጡ!” እያለ መራ። ጉድጓዱ በውሃ ተሸፍኖ አይታይም፤ ሙዙ ግን ይታያል። አንድም ሰው አልወደቀም። ባላገጥንበት ሙዝ ልጄን አሻገርናት። ክሊኒኩ በራፍ ቁጭ ብዬ የሕፃኗን ድምፅ ስሰማ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ኤፕሪል 6
መንገድ ሠሪዎች መጡ! የአስተዳዳሪው መኪና የሰመጠበትን ጉድጓድ ደፈኑ። እሱን ብቻ። እንደ ሳህን ያብረቀርቃል። የካስዲን ሙዝ ነቅለው ሄዱ። ዳክዬዎቹ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ተዛወሩ።

ሴፕቴምበር 25
የልጅ ልጄ ላራስ ስድስት ወር ሞላት። ዛሬ ምግብ ትጀምራለች ተብሎ ቤቱ ተሰበሰበ። ድልድዩ ጋ ያለው ሙዝ ደርሷል፤ ጠዋት ካስዲ ዘለላውን ቆርጦ አመጣው። ግብርና ቢሮ ለኤግዚቢሽን እንፈልገዋለን ብሎ ሰው ልኮ ነበር። ቱሚኒ በር ላይ ተቀብላ “እየተበላ ነው” ብላ መለሰችው።

ኒላም ሙዙን በማንኪያ ጨፍልቃ አቀመሰቻት። ሕፃኗ ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ አፏን ከፈተች፣ ጨምሩ ብላ። መንግሥት እስከ ዛሬ የሰጣት ይህን ነው፤ እሱንም ሳያውቅ።

ሰፈሩ እንደገና ሊቀመንበር አድርጎ መርጦኛል። ወረዳው ግን ሹመቱ እየተጠና ነው ይላል። ያጥና።

ከሙዙ ሥር ብዙ ችግኝ ወጥቷል። ነገ ከካስዲ ጋር ወረዳ ቢሮ እንሄዳለን። በራፋቸው ላይም ጉድጓድ እንዳለ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ፣ አመስግኜ ስወጣ ዘልዬው ነበር። ማመልከቻ አልጻፍኩም።