ሸሚዙ ላይ የነበረው ወረቀት

ጉደር፣ ጥር 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ ልጄ ለኩለኒ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከፋብሪካችሁ የላክሽው ሸሚዝ ደርሶናል። የተንጠለጠለበትን የፈረንጅ ወረቀት መምህር ለሊሳ አነበበልን፤ «ሠራተኞቹ ተከብረው የሰፉት ልብስ ነው» ይላል። አባትሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየው።

ቅዳሜ ደግሞ አብራሽ የምትሰፋው ቦንቱ መጥታ ነበር። «ፈረንጆቹ አሠራራችንን ሊያዩ የመጡ ቀን ተዘግቶ የሚውለው መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ኩለኒም እያሳላት ‹ደህና ነን› አለቻቸው» ብላ ሳቀች። አባትሽ አልሳቀም።

በማግስቱ የድሮ የስፌት መኪናሽን ዘይት ቀብቶ በረንዳ ላይ አወጣው። «እዚህ ጉደር ያሉት የካምፓስ ተማሪዎች ሱሪ የሚያሳጥርላቸው አጥተዋል» ይላል። በረንዳው ከወንዙ በኩል ጥሩ ነፋስ ያገኛል።

በቦንቱ እጅ ማር ልኬልሻለሁ፤ ማታ ማታ በሞቀ ውኃ ጠጪው።

እግዚአብሔር በሰላም ደጃችን ያድርስሽ።

እናትሽ ዲንቄ