ከሚያፈሰው ቦይ ሥር

ጥቅምት 9፣ ጠዋት 1 ሰዓት

አምስት አህያ ተጫነ። የተቆላ ገብስ፣ ለበሶ። ሁሉም ወደ ደምሴ ወፍጮ። ውርጩ ከጆንያው ላይ ገና አልለቀቀም። ከመሐል ሜዳ እስከ ገደሉ አፍ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ቁልቁለት። የደ/ብርሃን ደንበኞቼ የናፍጣ ወፍጮ በሶ አይገዙኝም። ይሸታል፣ ተቃጥሏል ይላሉ። የውሃ ወፍጮ ዱቄት በጣታቸው አሽተው ይለዩታል። ስለዚህ እወርዳለሁ።

በስድስተኛው አህያ ስሚንቶ ጫንኩ። ለደምሴ።

ዛሬ ተከታይ አለኝ። ሂሩት፣ የዕፅዋት ተመራማሪ ናት፣ ከዩኒቨርሲቲ። ትናንት ሱቄ ገብታ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ገደል የት አለ አለችኝ። ጤፍ የሚጠይቁኝ አሉ፣ ማር የሚጠይቁኝ አሉ። ገደል የጠየቀኝ ሰው የለም። ከአህዮቹ ጋር ውረጂ አልኳት።

ከቀኑ 10 ሰዓት

ተመለስኩ። 

ደብተሬ፣ ደምሴን ታውቂዋለሽ፤ ታላቅ ወንድሜ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ወፍጮው ቤት ይኖራል። ወፍጮው የአባታችን ነበር። ውሃው ከምንጩ ተነሥቶ በገደሉ ወገብ በተጠረበ ቦይ ይመጣል። ቦዩ አንድ ቦታ ላይ ያፈሳል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያፈሳል። ግድግዳው ላይ የሚባክን ውሃ ባየሁ ቁጥር እበሽቃለሁ። ስሚንቶ ሳወርድለት ይህ ሦስተኛዬ ነው። ተቀበለኝ፣ መረቀኝ፣ ጥግ አስቀመጠው። አይነካውም።

ሂሩት እዚያው ቦዩ የሚያፈስበት ግድግዳ ሥር ቆማ ቀረች። ጠራኋት፣ አልሰማችም። ከድንጋዩ ስንጥቅ የሚወጣ ተክል ነው። አገዳው ቀላ ያለ፣ አበባው ሐመር ሮዝ፤ ቅጠሉ አንድ ጎኑ ሰፊ አንድ ጎኑ ጠባብ። ደምሴ ጆሮ ቅጠል ይለዋል። አህያ ነጂዎች ሲጠማቸው አገዳውን ያኝኩታል። ይኮመጥጣል። እሷ ቤጎኒያ ነው አለች፤ የትኛው ቤጎኒያ እንደሆነ ግን አላወቀችውም። አንዱን ነቅላ በጋዜጣ መሐል አስተኛችው። 

ይሸጣል ወይ አልኳት። ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም።

ጥቅምት 26

ሂሩት ደወለች። መዝገቡን ሁሉ አገላብጣ አይታለች፤ ከእሷ የበለጡትንም ጠይቃለች። ተክሉ በሌላ አገር አለ። በእኛ አገር ዕፅዋት መዝገብ ውስጥ ግን የለም፣ ተመዝግቦም አያውቅም። እስካሁን የታወቀበት ቦታ ያ ግድግዳ ብቻ ነው። ፍሬውን ለማየት በየካቲት ትመጣለች። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው አደራ አለችኝ።

አደራዋን ተቀበልኩ። ከዚያ ለአንዲት ደንበኛዬ አወራሁ። ለአንዲት ብቻ። በአገር አንድ የሆነ ቅጠል እኛ ዘንድ ተገኘ አልኳት።

ኅዳር 3

ወሬው ገበያውን ዞሮ እኔኑ በሱቄ አገኘኝ። አሁን ቅጠሉ የሚጥል በሽታ ያድናል፣ መካን ያስወልዳል። ሁለት ሰዎች ወርደው ከነሥሩ ነቅለዋል። ደምሴ ሦስተኛውን በድንጋይ አባሯል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ተጠራ።

ኅዳር 6፣ እሑድ

ቤ/ክ ግቢ። ሽማግሌዎች፣ ካህናት፣ ከወረዳ አንድ ሰው። የወረዳው ሰው ቦታው ከታወቀ እንግዳ ይመጣል፣ ማደሪያ ያስፈልጋል አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። መንገድ ዳር ያለው ባዶ ቦታዬ ላይ ስንት ክፍል እንደሚወጣ እያሰብኩ ነበር።

ገደሉ ይዘጋ ተባለ። እኛ አገር የጓሳው ሣር እንዲያድግ ዘመን ቆጥሮ መዝጋት አባቶች ያቆዩት ነው፤ ማንም አልተገረመም። ሰው፣ ከብት፣ አህያ አይገባም። መምሬ ዘነበ በግዝት ያስሩታል። ግዝቱን ጥሶ ሳይፈታ የሞተ ፍትሐት የለውም።

ደምሴ ተነሣ። ስብሰባ ላይ ሲናገር በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም።

«አበባው የሚጠጣው ከእኔ ቦይ ነው። በየወሩ ደለሉን ካልጠረግሁት ውሃው ከላይ ቦዩን ይሰብራል፤ ግድግዳው ይደርቃል። ገደሉን ስትዘጉ አበባውንም ገደላችሁት ማለት ነው።»

አንዱ ከኋላ፣ አበባው መቼ ነው ጠበቃ ያቆመህ አለው። ተሳቀ። ደምሴ ነጠላውን አስተካክሎ ተቀመጠ።

ከዚያ እኔ ተነሣሁ። ወፍጮ ሌላ ይገኛል፣ ይህ ተክል አይገኝም አልኩ። እህቱ እንዲህ ካለች ምን ቀረ ብለው አጨበጨቡ። ተገዘተ።

ምን እንዳሰብኩ ልጻፍልሽ፤ ለአንቺ አልዋሽም። ካሳ ፈልጎ ነው አልኩ። የሻጭ ንግግር አውቃለሁ። ሻጭ መጀመሪያ ያለ እሱ ነገሩ እንደማይሆን ይናገራል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠራል። ዋጋውን እስኪጠራ ጠበቅሁት። አልጠራም።

ታኅሣሥ 12

ደምሴ እኔ ዘንድ ነው። ከወፍጮው የያዘው ዶማውንና አንድ ቁምጣ ነው። ጠዋት ሱቁ ውስጥ ጆንያ ላይ ይቀመጣል። የናፍጣ ወፍጮውን ዱቄት ቆንጥሮ ያሸትና መልሶ ይበትነዋል። ምንም አይልም። ባይልም ደ/ብርሃን ብሎልኛል፤ ሁለት ደንበኛ በሶውን መለሰብኝ።

ዛሬ ስለ ስሚንቶው ጠየቅሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቦዩ ነገረኝ። የሚያፈስበት ቦታ የተበላሸ አይደለም። አባታችን ናቸው አንድ ድንጋይ አላልተው የተዉት፤ ንብ እንዲጠጣበት። ደምሴ በየወሩ ደለሉን ከጠረገ በኋላ ያንን ድንጋይ መልሶ ያላላዋል። ሲጠብቅ ግድግዳው ይደርቃል፤ በጣም ሲላላ ወፍጮው ይቆማል። ልኩ በእጁ ነው ያለው።

ለምን ዝም አልከኝ ይህን ሁሉ ዘመን አልኩት። «አልጠየቅሽኝም፤ ስሚንቶ ነው ያመጣሽልኝ» አለ። ፈገግ ብሎ ነው። እኔ ፈገግ አላልኩም።

ጥር 4

ከደምሴ ጋር ወደ ገደሉ ሄድን። አልገባንም። ከማዶው አፋፍ ላይ ቆምን፤ ከዚያ ማየት ግዝት አይደለም። ግድግዳው ከወትሮው ነጥቷል። አረንጓዴ የነበረው ቦታ ቡናማ ነው፤ የትንባሆ ቅጠል የተሰጣ ይመስላል። ውሃው ከላይ ቦዩን ሰብሮ ወደ ሌላ ሸለቆ ይወርዳል። ከማዶ ይሰማል።

እንዳለው ሆነ። አንዲት ቃል ሳትጎድል።

እንዲህ ነግሬያችሁ ነበር አላለም። ይህ ነው የከበደኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፦ መምሬ ዘንድ አብረን እንሂድ፣ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው ግዝቱን ይፍቱልኝ፣ ጠርጌ እወጣለሁ። እሱን አይሰሙትም፤ እኔን ይሰሙኛል።

ከጥምቀት በኋላ አልኩት። የበዓል ገበያ ነው፤ ሁለት ጭነት ይጠብቀኛል።

«ደለል ገበያ አይጠብቅም፣ አሰለፈች» አለኝ።

ጥር 7፣ ጠዋት 2 ሰዓት

መደቡ ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ ታጥፏል። ዶማው የለም።

የት እንደሄደ አውቃለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ግዝት ጣሰ ይባላል፤ ዝም ካልኩ ጠርጎ ይወጣል፣ ማንም አያይም። ስሌቱ ልክ ይመስላል።

ሱቁን ከፈትኩ።

ጥር 7፣ 11 ሰዓት

አልመጣም።

ጥር 8

ሽማግሌዎቹ ገደሉን አልፎ አልፎ እንዲያይ ያቆሙት ጠባቂ ጠዋት መጣ። ደምሴን ከማዶ አይቶታል። ከቦዩ ሥር፣ ከግድግዳው እግር ላይ ወድቋል። የሚያነሡት ሰዎች እንኳ ሳይፈቱ መውረድ ፈሩ። መምሬ ዘነበ መጥተው ለአራት ሰው ፈቱ። ያን ያህል ቀላል ነበር። መስቀላቸውን አወጡ፣ አራት ስም ጠሩ፣ አለቀ። ቆሜ አየሁ።

በቃሬዛ አወጡት። ጭቃው እጁ ላይ ደርቋል። የወፍጮ ሰው እጅ ነጭ ነው፤ እንዲህ ጠቁሮ አይቼው አላውቅም።

ከቀኑ 8 ሰዓት

ካህናቱ ግቢው ውስጥ ለብቻቸው ተቀመጡ። ግዝት ጥሶ ነው የሞተው፣ አልተፈታም። ያለ ፍትሐት ይቀበር፣ ከቅጥሩ ውጭ። ሦስቱ እንዲህ አሉ። መምሬ ዘነበ መሬት መሬት ያያሉ።

ሴት ወደዚያ አትገባም። ገባሁ።

«ለመፈታት ሊመጣ ነበር። እርስዎ ዘንድ አብረን እንሂድ ብሎ ለመነኝ። ከገበያዬ በኋላ ያልኩት እኔ ነኝ። ግዝቱ የሚይዘው ካለ እኔን ይያዘኝ» አልኩ።

አንዱ ቄስ እትዬ አሰለፈች እዚህም ትደራደራለች አለ።  ዋጋ ብጠራ ኖሮ ልክ ነበር። የጠራሁት ዋጋ ግን የለም።

መምሬ ቀና አሉ። ከዚያ፦ «የክርስትና ስሙን ንገሪኝ።»

ኃይለ ማርያም አልኩ። ድምፄ አልተሰበረም። ለምን እንዳልተሰበረ አላውቅም።

በፍትሐት ተቀበረ። ከእናታችን አጠገብ። ለእኔ ንስሐ ተሰጠኝ፤ እሱን እዚህ አልጽፍም።

ጥር 21

ሰው እንዴት እንደሚያስብ ስሚ። ገደሉ ቀሰፈው ይላሉ። ግዝቱ እንደሚሠራ ታየ ይላሉ። ከዚህ በፊት የሚጠራጠሩ ነበሩ፤ አሁን የሉም። የሰው ልጅ ሞት ለጠባቂው ደሞዝ ሆነለት፤ የሚቀርብ ስለሌለ ቁጭ ብሎ ይከፈለዋል። ማደሪያ ትሠሪያለሽ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ቦታውን አጥሬ ገብስ አሰጣበታለሁ አልኩ።

የካቲት 14

ሂሩት መጣች። አልሰማችም ነበር። ሱቁ ውስጥ ነገርኳት። የያዘችውን ቦርሳ መሬት አስቀመጠች፣ አላነሣችውም። ለእሷና ለእኔ መምሬ ፈቱልን፣ ለዛሬ ብቻ።

ወረድን። ዶማው ቦዩ ውስጥ ተተክሎ ቆሟል። ከዶማው ወዲህ ያለው ተጠርጓል፤ ከዚያ በላይ ግማሹ ደለል ነው። ማለትም የወደቀው ሥራው ሳያልቅ ነው። ያላላት ድንጋይ ቦታዋ ላይ አለች። ውሃ ይመጣል፤ ቀጭን፣ እንደ ክር። ግድግዳው ላይ ያንጠባጥባል።

የሞተው ብዙ ነው። በእጄ ስነካው ዱቄት ሆነ። ሂሩት ስንጥቅ በስንጥቅ ፈለገች። ከታች፣ እሱ ከወደቀበት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ አንድ ጉጥ አለ። ጉጡ ላይ አንድ ቅጠል። አንድ ጎኑ ሰፊ፣ አንድ ጎኑ ጠባብ። አበባ የለውም፣ ፍሬ የለውም።

ይበቃል ወይ አልኳት። ለመዝገቡ በጥቅምት በጋዜጣ ያስተኛችው ይበቃል፤ ለተክሉ ግን እንደማታውቅ ነገረችኝ። ከዚያ ማስታወሻዋን አወጣች። የሚገኝበት ቦታ በሚለው ላይ በጥቅምት የጻፈችው አለ፦ በተፈጥሮ እርጥብ የሆነ ገደል። አነበበችልኝ። የተፈጥሮ አይደለም አልኳት። የወፍጮ ቦይ የሚያፈስበት ግድግዳ ብለሽ ጻፊ፤ የሚያላላው ሰው ነበረ ብለሽ ጻፊ። ሰረዘችው። አዲሱን እዚያው ቁጭ ብላ ጻፈች። ስሙን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። በመዝገብ ይገባ አይገባ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ስመለስ ወፍጮ ቤቱን አየሁ። ስሚንቶው ጥግ ላይ አለ። እርጥበቱ ገብቶበት ድንጋይ ሆኗል፤ የከረጢቱን ቅርጽ እንደያዘ።

የካቲት 18

ሽማግሌዎቹን ጠየቅሁ። ግዝቱ ይፈታ፣ አለዚያ ቦዩን የሚጠርግ አንድ ሰው ይፈቀድ። ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን አሉ። አንዱ አዘነልኝ፤ ሐዘን ላይ ነሽ፣ ተረጋጊ አለኝ። በደንብ ተረጋግቻለሁ። ከፋሲካ በፊት ያ ክር ይዘጋል። ይህን ለማወቅ መረበሽ አያስፈልግም።

እንደ እሱ ተናገርኩ፤ እንደ እሱ ሰሙኝ።

የካቲት 19፣ ጠዋት

መምሬ ዘነበ ቤት ሄድኩ። ለመለመን እንዳልመጣሁ ነገርኳቸው። «ወርጄ እጠርጋለሁ። በየወሩ እወርዳለሁ። ደብቄ አልሄድም፤ እሱ ተደብቆ የሄደው በእኔ ነው» አልኳቸው።

ልኩን ታውቂዋለሽ ወይ አሉ። አላውቅም፤ ድንጋዩን እያላላሁ ግድግዳውን አያለሁ አልኳቸው። ብትወድቂስ አሉ።   ከደጅ በግ ይጮሃል። በመጨረሻ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሏቸው እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

«የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ» አሉ።

ነገርኳቸው።

ነገ ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ነው። ሱቁን አልከፍትም።