ከኮረብታው ያልወረደ ሰው ኩባያ

ለምወድህና ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ ለኬንግ ሁአት፤

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህስ? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጎንበስ ቀና ማለት ጀመርክ ወይስ ጫማህን የምታስርልህ አሁንም ሊ ፒን ናት? እሷስ ደህና ናት? አንተን ማስታመሙ አላሰለቻትም? ትንሿ ሜይ ፌንስ ጥርስ አወጣች? ፎቶዋን የላክህልን ቀን እማዬ «ግንባሯ የአያቷ ነው» ብላ ስልኬን ደረቷ ላይ ለጥፋ አልመልስም ብላኝ ነበር። እኛን ከጠየቅኸን፣ ደህና ነን ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ይነጋል፣ እንነሳለን። ቤታችን አሁንም ባሕሩ ላይ በምሰሶዎቹ ቆሟል። ውሃው ከወለሉ ሥር ሲመላለስ እንደ ድሮው ይሰማል። አባባ ብቻ ነው የጎደለው።

ይህን በስልክ ልነግርህ ያልቻልኩት ለምን እንደሆነ ይገባሃል። የቤታችንን ሳንቃ ታውቀዋለህ፣ ሳል እንኳ አይደብቅም፤ እማዬ ደግሞ ከአጠገቤ አትጠፋም። ባለፈው ስትደውል «ለአባባ አርባ ዘጠነኛ ቀን መታሰቢያ ስመጣ ሻንጣዬን እዚያው ጥዬ ቀጥታ ወደ ኮረብታው ነው የምወጣው፤ ያንን ሽማግሌ ቴክ ሱንን ፖሊስ ጣቢያ ሳልጎትተው አልመለስም» ያልከው ከስልኩ አልፎ ቤቱን ሞላው። እማዬ ሳህን እንደያዘች ቆማ ሰማችህ። ደግነቱ የአባባን ኩባያ ነገር አላነሳህም። በጽሑፍ ግን ለእኔ «ኩባያው ጠረጴዛው ላይ አልነበረም እንዴ? አይቶት ነው የዘጋው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር፤ እኔም ዝም አልኩህ። ዛሬ መልሱን እጽፍልሃለሁ። ሳትነሳ እንዲደርስህ ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ። አንድ ልመና ግን አለኝ። ስትመጣ በእማዬ ፊት ስለ ኩባያ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።

አባባ መንገዶቹን እንዴት ይወድ እንደነበር ለአንተ አይነገርም። እሁድ ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጥቶ በምሽጉ በኩል የባሕሩን ግንብ ይዞ፣ በአሮጌው ከተማ በረንዳዎች ሥር አልፎ፣ እስከ ክቡ በር ድረስ በእግሩ ነበር። አውቶቡስ የተሠራው ለታመመ ሰው ነው ይል አልነበር? ከክቡ በር የድንጋዩ ደረጃ፣ ከደረጃው የሻይ ጎጆው፣ ከጎጆው ደግሞ ሸንተረሩን ይዞ ወደ ግድቡ የሚሄደው የከሰል አክሳዮቹ መንገድ። አንተ ፊት ፊት ትሮጥ፣ እኔ አባባ ጀርባ ላይ እሆን ነበር። ያ መንገድ አሁን በቢጫ ፕላስቲክ ታጥሯል። ዝናቡ አልቆመም፣ ናዳው ከገደሉ አፋፍ ጀምሮ ቆርሶ ቆርሶ ጥሎታል። ጎብኚዎች ስልካቸውን እያዩ ይመጡና አጥሩ ላይ ሲደርሱ ግራ ተጋብተው ይቆማሉ። አንዳንዶቹ ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ። ሳያቸው ብሽቅ እላለሁ፣ ደግሞ ምን አጠፉ ብዬ ራሴን እታዘባለሁ።

የጎጆውን ሕግ እኔና አንተ ፊደል ሳንቆጥር ነው ያወቅነው። ሁሉም ሰው የራሱ ኩባያ አለው፣ ኩባያውም የራሱ ምስማር። ከጎጆው አልፎ ወደ ሸንተረሩ የሚሄድ ሰው አንድ ጉንጭ ሻይ አስቀርቶ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ ይተወዋል። ሲመለስ ያቺን ጠጥቶ፣ አጥቦ፣ ይሰቅለዋል። ጎጆውን የሚዘጋው ሰው ጠረጴዛው ላይ ኩባያ ካየ ሰው ኮረብታው ላይ ቀርቷል ማለት ነውና አይዘጋም፤ ባትሪ ይዞ ፍለጋ ይወጣል። እማዬ ግን ይህን አታውቅም ነበር። ተራራ አትወድም፣ በዓመት አንዴ ለጾሙ ድግስ በጂፕ ነው የምትወጣው። አባባም የኮረብታውን ወሬ ቤት አያስገባም፣ የቤቱንም ኮረብታ አያወጣም ነበር።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ወደ ፐርዝ የሄድክ ዕለት ጠዋት የጠጣህበትን አረንጓዴ ኩባያ አባባ አላጠበውም። ጎጆው ውስጥ ከመሬት አምላኩ መሠዊያ በላይ ካለችው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ሰው ሲጠይቀው «ልጄ ገና አልወረደም» ይል ነበር። ራሱ ይንገርህ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።

እንግዲህ ያን ቀን የሆነው እንዲህ ነው። የዘጠኙ ነገሥታት አማልክት ጾም ሊፈታ ነበርና ጎጆው ድግስ ላይ ነበር። እማዬ የጾም ኑድል ጠብሳ፣ ቶፉውን በትልቁ ድስት ይዛ፣ በጎጆው ጠባቂ በአጎት ቴክ ሱን ጂፕ ወጣች። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ያየሁት አይደለም፣ የተነገረኝ ነው። አባባ ከገደሉ አፋፍ ያለው የእጅ መያዣ ገመድ በስብሷል፣ ለበዓሉ ሰው ሳይበዛ ልቀይረው ብሎ ተነሳ። አጎት ቴክ ሱን «አንተ ሰውዬ፣ በባዶ ሆድህ የምን ገመድ ነው? ነገሥታቱ እንኳ ዛሬ አርፈዋል» ቢለው፣ አባባ «አንተ ሻይህን አፍላ፤ የትናንቱ የድመት ሽንት ነው የሚመስለው» ብሎት ሰዉን አስቆ ወጣ። ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ነበር።

ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ሰዉ ዕቃውን ሰብስቦ ተጣድፎ ወረደ። አጎት ቴክ ሱንም እማዬን በጂፑ ይዞ ወረደ። አባባ በየዓመቱ ከኮረብታው በቀጥታ ወደ ቤተ መቅደሱ ሰልፍ ሄዶ ሲነጋ ነበር የሚገባው፤ ስለዚህ ቤት የጠበቀው ሰው አልነበረም። ጠዋት ሲቀር ነው የተፈለገው። ገመዱ አዲስ ሆኖ፣ ጥብቅ ብሎ ታስሮ ተገኘ። ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ነው አፈሩ ከእግሩ ሥር የከዳው። ከገደሉ ሥር እግሩ ተሰብሮ፣ ሞቶ አገኙት። ሁልጊዜ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ፊሽካ አፉ ውስጥ ነበር። ሐኪሙ «ሌሊቱን ብዙ ሰዓት በሕይወት ቆይቷል» አለን። እዚህ ያለን ሰዎች ሁሉ የምናውቀውን አንተ ብቻ ሳታውቅ እንድትቀር አልፈልግም።

አጎት ቴክ ሱን ለፖሊሱም ለዘመዱም «ላይ እንዳለ አውቅ ነበር፤ ዝናቡን ፈርቼ ዘጋሁ» አለ። ሌላ ምንም አላለም። በለቅሶው ላይ ሊሰግድ ሲመጣ እማዬ ከሬሳ ሣጥኑ ፊት ቆማ «ልብስህ እንዳይረጥብ ብለህ ባሌን ለገደል ሰጠህብኝ! የምትጠጣው ውሃ አይውረድልህ!» ብላ ጮኸችበት። ሰው ሁሉ ሰማ። አንገቱን ደፍቶ ሳይሰግድ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወደ ጎጆው ውሃ የሚሸከም ሰው ጠፋ። ታስታውሳለህ፣ ድሮ የሚወጣ ሁሉ አንድ አንድ ጠርሙስ ይዞ ነበር የሚወጣው። አሁን ሰዉ በሌላው መንገድ ዞሮ ያልፋል።

እኔም አላረፍኩም። አንድ ጠዋት አጎት ቴክ ሱንን ክቡ በር ላይ በሁለት እጁ ጀሪካን ተሸክሞ አገኘሁትና «እጅህ ይድረቅ!» አልኩት። ቆመ፣ አየኝ፣ «ይድረቅ ልጄ» አለኝና ደረጃውን ተያያዘው። ከኋላዬ የመጣችው አክስት ጊዮክ ኒዮ፣ ያቺ የኮኮናት ብስኩት ሻጯ፣ ክንዴን ቀጨም አድርጋ ወደ ግንቡ ጥግ ወሰደችኝ። «አንቺ አፈ ክፉ! ማንን ነው የምትራገሚው? ኩባያውን ያጠበችው እናትሽ ናት!» አለችኝ።

አላመንኳትም። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ድግሱ ሲበተን እማዬ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ዕቃ ሁሉ ሰብስባ ማጠብ ጀመረች። የአባባን ኩባያ አወቀችው፤ ያ ሰማያዊ ከንፈር ያለው፣ ራሷ የገዛችለት። «አያችሁልኝ? ቤትም እንዲህ ነው፤ ጠጥቶ ጥሎ ይሄዳል» ብላ ስቃ፣ ያቺን ጉንጭ ሻይ ደፍታ፣ በአመድ ፈትጋ አጠበችውና ስሙ ካለበት ምስማር ላይ ሰቀለችው። አክስት ጊዮክ ኒዮ አጠገቧ ነበረች። «የባልን ኩባያ ሚስት ስታጥብ ሳይ፣ ተመልሷል ማለት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ማን ይጠረጥራል? ቴክ ሱንም ሲዘጋ ያየው ባዶ ጠረጴዛና የተሰቀለ ኩባያ ነው» አለችኝና አለቀሰች።

የጎጆው ሽማግሌዎች አባባ በተገኘ ዕለት እዚያው ተማክረዋል። አጎት ቴክ ሱን «እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ስሜ ቢጠፋ የሚያፍርብኝ የለም። እሷ ግን ይሄን ካወቀች አትተርፍም» አላቸው። ሌሎቹም አፋቸውን ዘጉ። አየህ ወንድሜ፣ አንተ ፖሊስ ጣቢያ ልትጎትተው የተነሳኸው ሰው ይህ ነው። አክስት ጊዮክ ኒዮ በነገረችኝ ቀን ማታ ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ፈልጌ ነበር፤ እማዬ ምክንያቱን ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ ብዬ ቀረሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ በወደድኩ። ያለፈው ማክሰኞ ግን እማዬ የአባባን ምርኩዝ ለመታሰቢያው ቀን ከጎጆው ላምጣ ብላ ተነሳች። እኔ ላምጣልሽ ብላት እምቢ አለች። ጂፕ ተከራይቼ ይዣት ወጣሁ። አጎት ቴክ ሱን ገና ከሩቅ ሲያያት በጓሮ በኩል ወጣ፣ ዓይኗ እንዳያርፍበት ብሎ። ጎጆው ውስጥ የነበረው ሙኒያንዲ የሚባል፣ በቅርቡ መውጣት የጀመረ ጡረተኛ ሹፌር ብቻ ነው። ተጫዋች ሰው ነው፣ ስለ እኛ ግን ምንም አያውቅም። እማዬ ለመሬት አምላኩ ሰገደችና ቀና ስትል የአንተን ኩባያ አየችው። አቧራ ለብሷል፣ ውስጡ ጠቁሯል። የእሷን እጅ ታውቀዋለህ፣ ቆሻሻ አይቶ አያልፍም። ልታነሳው እጇን ስትዘረጋ ሙኒያንዲ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ኧረ ኧረ እማማ! እሱን እንዳይነኩት! ባለቤቱ ገና አልወረደም። እዚህ ቤት ያልወረደ ሰው ኩባያ አይታጠብም፤ ከታጠበማ ወርዷል ተብሎ ማን ይፈልገዋል?» አላት፤ ሳቀም።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ወደ ምስማሮቹ ዞረች። የአባባ ኩባያ እሷ እንደሰቀለችው አለ፣ የነካው የለም። ረጅም ጊዜ አየችው። እኔ ልይዛት ስጠጋ በክንዷ ገፋችኝ። ከዚያ ወደ ጓሮው ዞራ «ቴክ ሱን» ብላ ጠራች፤ ድምፅዋ የሰው አይመስልም ነበር። መጣ። ሁለቱ ተያዩ። እሱ ወዲያው ገባው መሰለኝ፣ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት» አለ ማንም ሳይጠይቀው። እማዬ ያን ደካማ ጉልበቷን አጥፋ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ ግንባሯ መሬት እስኪነካ ሰገደችለት። ሊያነሳት ጎንበስ ሲል እሱም መነሳት አቃተው። ሙኒያንዲ አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየ «ምን አጠፋሁ? ምን አጠፋሁ?» ይል ነበር።

እስከ ዛሬም ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልወጣትም። እኔም ማወቄን አልነገርኳትም። ግን ወንድሜ፣ እማዬ ኩባያ ማጠብ ትታለች። ሳህኑን ታጥባለች፣ ድስቱን ታጥባለች፤ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ኩባያ ካየች ቆማ ታየውና «ባለቤቱ ገብቷል?» ትለኛለች። «ገብቷል እማዬ፣ የእኔ ነው» ካላልኳት ከአጠገቡ አትሄድም። ልጇ ሆኜ ምን እንደማደርግላት አላውቅም። ና። ቶሎ ና። ወደ ኮረብታውም ውጣ፣ ግን አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዘህ ውጣ።

ለሊ ፒን ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በስልክ ማልቀሷን አልረሳላትም። ሜይ ፌንን ያንን ግንባሯን ሳምልኝ። አክስት ጊዮክ ኒዮ ሰላም ብላሃለች፣ ብስኩቱን አዘጋጅቼለታለሁ ትላለች። ከጎናችን ያሉት የዓሣ አጥማጁ ቤተሰቦች ሁሉ ደህና ናቸው፣ ይጠይቁሃል። አጎት ቴክ ሱን አሁን ማታ ማታ እየመጣ በሩ ላይ ይቀመጣል፤ ከእማዬ ጋር ሆነው ባሕሩን ያያሉ። ለኬንግ ሁአት ምን ልበልልህ ብዬ ስጠይቀው «ወገቡን ይጠንቀቅ፣ ደረጃው ያዳልጣል» አለኝ።

እማዬ ስጽፍልህ አይታ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለአንተ መሆኑን ስነግራት እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለችኝ፦ «አረንጓዴ ኩባያውን አልነካሁበትም። መጥቶ ራሱ ይጠበው።»

እህትህ ስዊ ኪም

ጆርጅ ታውን፣ ፒናንግ
ኖቬምበር 14 ቀን 2018