የንፋስ መሮውን ሞራ ላጠጡት ክቡር አዛዥ

አዳማ፣ ግንቦት ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ለክቡር የድልድዩ ድንጋይ ሥራ አዛዥ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ ቀጥሎም የአውቶሞቢልዎን ደህንነት እጠይቃለሁ። እኔ እስካለፈው ሳምንት አስተርጓሚዎ የነበርኩት ኑሬ አብዱልጀባር፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ደክሞኛል እንጂ። አንድን ነገር በአማርኛም በኦሮምኛም ደጋግሞ ተናግሮ በአንዱም አለመሰማት እንዲህ እንደሚያደክም እርስዎ ዘንድ ከመቀጠሬ በፊት አላውቅም ነበርና፣ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ለብቻዎ የነገርኩዎት ሁሉ ከጆሮዎ ስላልደረሰ፣ ይህ ደብዳቤ በገበያው መግቢያ እንዲለጠፍና ማንበብ ለማይችለውም እንዲነበብለት አድርጌአለሁ፤ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ስለ ዘይቱ። የንፋስ መሮው በባቡር ሲመጣ አብሮት የመጣው ግሪካዊው መካኒክ ሙሴ ያኒ፣ ወባ ይዞት ወደ ድሬዳዋ ከመመለሱ በፊት ድንጋይ ጠራቢዎቹን ሰብስቦ መሣሪያውን ፈታቶ እንዳሳየን ያስታውሳሉ። በሆዱ ውስጥ አንዲት ወፍራም ብረት አለች፤ ከሞተሩ በጎማ ቱቦ የሚመጣው ንፋስ ወደፊትና ወደኋላ ያመላልሳታል፤ እርሷም መሮውን ከኋላ እየመታች ድንጋዩን ታስጠርበዋለች። ሙሴ ያኒ እየተንቀጠቀጠ፣ «ጠዋት ጠዋት ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉላት፤ ከቱቦው ውሃውን አስወጡ፤ መሮውን አፉ ላይ የሚይዘው ጥምዝምዝ ብረት፣ ሞላው፣ ከላላ ግን ሥራ አቁሙ» አለ፤ እኔም ከፈረንሳይኛው ወደ ሁለቱም ቋንቋ መለስኩት። እርስዎ ከጎናችን ቆመው ራስዎን ሲነቀንቁ ስላየሁ የሰሙ መስሎኝ ነበር።

ሙሴ ያኒ በሄደ በጥቂት ቀን ዘይቱ ከሥራው ቦታ ወደ አውቶሞቢልዎ ተዛወረ። የጠራቢዎቹ አለቃ ሰንበታ መርዳሳ ዘይት ቢለምንዎ፣ «ሞራ አቅልጠህ አጠጣው፤ ሁለቱም ቅባት ነው» አሉት። ታዘዘ። ነገር ግን ንፋሱ ከመሣሪያው ሲወጣ እንደ ውርጭ ስለሚቀዘቅዝ ሞራው ሆዱ ውስጥ ረጋ፤ ብረቲቱም ተጣበቀች። የአዳማ ዝንብ ሁሉ በመሮው ላይ ድግስ ተቀመጠ፤ በዝንቦቹ ስም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ ስለ ስንፍና። መሮው ሲያነክስ እርስዎ ጠራቢዎቹ ለገሙ አሉ። ሰንበታ ግን መሣሪያውን ፈቶ በላምባ አጥቦ መልሶ ገጠመው፤ ዘይት ስለሌለም ዳግመኛ ሞራ አጠጣው፤ ሞላው እንደላላም አሳየዎ። «በጠፍር እሰረው፤ ንፋሱንም ጨምርበት፤ ድልድዩን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ» ብለው አዘዙ። ያን ጊዜ ሰንበታ ወደ እኔ ዞሮ በኦሮምኛ፣ «ኑሬ፣ ይህ ነገር አንድ ቀን ይዘላል፤ አንተ ንገርልኝ» አለኝ። ነገርኩዎ። «የፈራ ይሂድ» አሉ። ሚስቱ ሽታዬ አራስ ነበረችና የት ይሄዳል? ቆየ።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለውን በተራ ቁጥር ለመጻፍ ግን አቅም አጣሁ።

ሰንበታ ጎንበስ ብሎ የድንጋዩን ጠርዝ ሲጠርብ መሣሪያው አዳለጠው፤ ጠፍሩ ተበጠሰ፤ መሮው እንደ ጦር ተወርውሮ እግሩ ላይ ተተከለ። «ዋቃዮ!» ብሎ አምላኩን ጠርቶ ተቀመጠ። ጥምጣሜን ፈትቼ እግሩን አሰርኩለት፤ ደሙ ግን በጨርቁ አልፎ እጄን ሞላው። እርስዎ ከጥላዎ ሥር ተነሥተው መጡ፤ አጠገባችን ደርሰው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል፣ «መሮው አልታጠፈም?» የሚል ነበር። አልታጠፈም፣ ክቡርነትዎ። ዛሬም ቀጥ ያለ ነው።

ሰንበታን «ዕቃ ሆን ብሎ ሰበረ» ብለው ከግቢዎ ጎተራ አሳሰሩት። ሽታዬ ሕፃኑን አዝላ እየመጣች፣ ዘበኛው ሲፈቅድላት በበሩ በኩል ቁስሉን በጨው ውሃ ታጥብለት ነበር። እኔንም አስጠርተው፣ «ሞላውን ራሱ ሲያወልቅ አየሁ ብለህ ለዳኛው መስክር» አሉኝ። አላየሁም ብል፣ «አስተርጓሚ የራሱ ቃል የለውም፤ የተባለውን ይናገራል» ብለው ገሠጹኝ። እኔም ትእዛዝዎን አክብሬ በዳኛው ፊት የተባለውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ሙሴ ያኒ ያለውን፣ ሰንበታ ያለውን፣ እርስዎ ያሉትን፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር። ዳኛው መሣሪያውን አስመጥተው አሸተቱት፤ አፍንጫቸውን ይዘው እርስዎን ትክ ብለው አዩ፤ ሰንበታንም ፈቱት። እኔን ደግሞ እርስዎ ያንኑ ቀን ከሥራ አሰናበቱኝ።

ሰንበታ በበቅሎ ተጭኖ ከሽታዬ ጋር ወደ አገሩ ወደ አርሲ ነገሌ ሄደ። የእግሩ ጣቶች አይታጠፉም። ስሸኘው፣ «አይዞህ፣ እጄ ደህና ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ነገሌም አለ» አለኝ። ላጽናናው ሄጄ ተጽናንቼ ተመለስኩ፤ ካየሁት ሁሉ ይህ እጅግ አደከመኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ባልጻፍኩም ነበር። ነገር ግን ኢተፋ የሚባል ወጣት ጠራቢ በሰንበታ ቦታ ተቀጥሮ ሰኞ እንደሚጀምር ሰማሁና ሄጄ አየሁ። ሞላው አልተተካም። ጠፍሩ ግን አዲስ ነው፤ ከፊተኛውም ይበልጥ ያምራል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ አለቀብኝ። ዘይቱን ይመልሱ። ለሙሴ ያኒ ይጻፉለትና ሞላ ይላክ። እስኪመጣ ድረስ ሰዎቹ በመዶሻና በእጅ መሮ ይጥረቡ፤ ድልድዩ ቢዘገይ ወንዙ ይጠብቃል፤ የሰው እግር ግን በባቡር ተጭኖ አይመጣም።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ በሰው ላይ ያለዎት ሥልጣን ግን በዚያው ልክ እንዲያጥር ዘወትር የምለምንልዎ፣ ዝም ማለት የተሳነኝ ታዛዥዎ፣

ኑሬ አብዱልጀባር

ማሳሰቢያ፤ ይህ ደብዳቤ ከመለጠፉ በፊት ለኢተፋ ተነብቦለት፣ «አዛዡ አንድ ጊዜ በእጃቸው ይዘው ያሳዩኝ፤ ከዚያ እኔ እቀበላለሁ» ብሏል። የቀሩትም ጠራቢዎች በቃሉ ተስማምተዋል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት መሣሪያው ተዘጋጅቶ፣ ሞተሩም ተቀስቅሶ ክቡርነትዎን ይጠብቃል፤ ሲመጡ ወፍራም ጫማ ቢያደርጉ መልካም ነው።