ያመለጠች ኳስና የሌስተር መርዶ

እሑድ

የሚስተር ሬይ የድሮ ጓደኛ ሌስተር ሞቱ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የልጅ ልጃቸው ናት ከሳን ሆዜ የደወለችው። "ለሚስተር ሬይ ንገሪልኝ፤ ቀብሩ ሐሙስ ነው" አለችኝ። እሺ አልኩ።

ሚስተር ሬይ እንቁላላቸውን እየበሉ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ብቻቸውን፣ ቁርስ ላይ፣ ዘመድ በሌለበት? እኔ ተንከባካቢያቸው ብቻ ነኝ። ሳክራሜንቶ ላለችው ልጃቸው ለሊንዳ ደወልኩ። ቅዳሜ እመጣለሁ አለች። "እንግዲያው አንቺ ስትመጪ አብረን እንነግራቸዋለን" አልኳት።

ቀብሩ ሐሙስ መሆኑን ግን አላነሳሁላትም። የአባቴን መርዶ የቸርች ሰዎች ሳን ፓብሎ ቤቴ ድረስ መጥተው በንጋት ሲያረዱኝ አባባ ከተቀበሩ ሳምንት አልፏቸው ነበር። እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚደረገው።

ማክሰኞ

ሌስተር ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር የሚደውሉት። ሚስተር ሬይ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ዋሉ። "ታሞ ይሆን?" አሉኝ። "ደክሟቸው ይሆናል" አልኩ። ውሸታም። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ወሬያቸው ሁሌም አንድ ነው። ወጣት ሳሉ ለአንድ ትንሽ ቡድን በደመወዝ ቤዝቦል ይጫወቱ ነበር። ሌስተር ኳስ ወርዋሪ፣ ሚስተር ሬይ ከኋላቸው ቆመው የተመታውን የሚይዙ። አራት ለሦስት በተሸነፉበት ጨዋታ አንዲት ኳስ በሚስተር ሬይ እግር መሃል አለፈች። ጋዜጣው ከውጤቱ ሥር "ስህተት፦ ሬይ" ብሎ ጻፈ። ስህተት ከተባለ ጥፋቱ የያዡ ነው፤ ሂት፣ ማለትም የመቺው ጥሩ ምት፣ ከተባለ ግን የገባው ነጥብ በወርዋሪው ላይ ይቆጠራል። ሌስተር "ሂት ናት፣ በኔ ላይ ትቆጠር" ይላሉ። ሚስተር ሬይ "አይሆንም፣ ስህተቱ የኔ ነው" ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን! ሰው ጥፋቱን ሌላ ላይ ይለጥፋል፣ እነዚህ ይሻሙበታል።

ረቡዕ

ዓይናቸው ስለደከመ ያንን ቁራጭ ጋዜጣ እኔ ነኝ የማነብላቸው። ነጥብ፣ ሂት፣ ስህተት። ዛሬ የሌስተር ስም ጋ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ጉንፋን ነው አልኩ። ለሌስተር ደውዪልኝ አሉ። መስመሩ ተይዟል አልኩ።

ማታ ከቸርች ትዕግስት ደወለች፤ ሁሉን ነገርኳት። "አይዞሽ፣ ጥሩ አድርገሻል። ብቻቸውን ቢሰሙ ሾክ ያደርጋቸዋል። ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ" አለችኝ። ትንሽ ቀለለኝ።

ሐሙስ

ዛሬ ይቀበራሉ። ከዚህ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ሩቅ አይደለም።

ሚስተር ሬይን ገላቸውን አጠብኳቸው፣ ጸጉራቸውን አበጠርኩ፣ ነጭ ሸሚዝ አለበስኳቸው። ለምን እንደሆነ እንጃ። "ወዴት ልንሄድ ነው?" አሉኝ። የትም አንሄድም አልኩ።

ቅዳሜ

ሊንዳ መጣች፣ ትዕግስትም መጣች። ሚስተር ሬይ የማያውቋት ሴት አጠገባቸው ስትቀመጥ ግራ ገባቸው። ሊንዳ ነገረቻቸው። አላለቀሱም።

"ቀብሩ መቼ ነው?" አሉ። ሊንዳ ወደኔ ዞረች።

"ሐሙስ ነበር" አልኩ።

"ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ነጭ ሸሚዝ አልብሰሽኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። ስድብ ቢያወርዱብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሊንዳ ኩሽና ጠርታኝ ቀብሩን ለምን ደበቅሽኝ አለችኝ። ልማዳችንን ላስረዳት ሞከርኩ። በእንግሊዝኛ ስናገረው ለራሴም ሰበብ መሰለኝ። ትዕግስት መሬት መሬት ታያለች።

ቤቴ ገብቼ አባባን አለቀስኳቸው። እኔም እኮ ቀብራቸው ላይ መቆም እፈልግ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

ሰኞ

ያባርሩኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። ሚስተር ሬይ ጋዜጣዋን ዘረጉልኝ። "አንብቢ።"

ከላይ ጀምሬ ወረድኩ። "ስህተት" ስል እጃቸውን አነሱ።

"ሂት በዪው። እሱ እንዳለው።"

"ሂት" አልኩ። ያኔ አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም።

ሲበርድላቸው "መቃብሩ ጋ ውሰጂኝ" አሉ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። ጫማቸውን ላደርግላቸው ስንበረከክ እግራቸውን ዘረጉልኝ።